ማን አበራው?

አዳማ ውስጥ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ሰው በገዛ እጁ መብራት አብርቶ አያውቅም። አጥፍቶም አያውቅም። ይህን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ ምን ያድርጉ፣ የግድግዳው ማብሪያ ሳይወለዱ ተነቅሎ ቦታው በሲሚንቶ ተደፍኗል። የእኛን የሽማግሌዎቹን ቤት ግን በአንድ ምልክት ትለዩታላችሁ። በሩን አልፋችሁ እንደገባችሁ፣ በስተቀኝ፣ ትከሻ ላይ በሚደርስ ቦታ፣ ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል እድፍ አለ። ያሳደፈው እጃችን ነው። ማብሪያ እንደሌለ እናውቃለን፤ እጅ ግን አይሰማም፣ በገባን ቁጥር ቀድሞን ሄዶ ይዳብሳል።

ቤዛ እባላለሁ። ጸጉር ሠሪ ነበርኩ፤ አሁን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሰው አያለሁ። ሕንፃችን ግቢውን ከቦ የተሠራ ስለሆነ በረንዳዎቹ ሁሉ ይተያያሉ። ሰው ማየት ነውር ነው የሚል ካለ ሕንፃውን የነደፈውን መሐንዲስ ይጠይቅ።

መብራታችን በየጣሪያው ዙሪያ የተለጠፈ፣ ከጣት የቀጠነ ጥብጣብ ነው። የሚያዝዘው የከተማው የመብራት ማዕከል ነው። ጧት ውሃ የመሰለ ነጭ ይሆናል፣ ወደ ማታ ማር ይመስላል፣ ለመኝታ ይቀላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ያየው ሰው የለም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ሐሰት አልናገርም፤ እንቅልፋችን ተሻሽሏል፣ ራስ ምታት ቀንሷል። እንግዳም ብርሃኑ መቅላት ሲጀምር ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ «እራት ሳትበሉማ አትሄዱም» ብሎ እጅ መጎተት ቀርቷል። ኀዘን የገባበት ቤት መስኮቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጎረቤት በዚያ አውቆ ይመጣል። ሳምንት ሲሞላ ሰማያዊው ይነሣል፤ ኀዘንተኛው ግን ተነሣ አልተነሣ የሚጠይቅ የለም።

ጠብ ሲነሣ ደግሞ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ድምፅ ከፍ፣ ልብ ፈጠን ሲል ጥብጣቡ ወደ ኮክ ቀለም ይሄዳል። ሰውየው ሳያውቀው ትከሻው ይወርዳል፤ ምላሱ ላይ የነበረው ቃል ተመልሶ ሆዱ ይገባል። በሕንፃችን ሰው ሲጮህ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል። ከሌላ ከተማ የሚመጡ ሰዎች «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ይሉናል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሴት ጸጉር ስሠራ ጠብ የሚባለውን ነገር ከነሥሩ ሰምቼዋለሁ፤ ካልደፈረሰ አይጠራም። እኛ ጋ ምንም አይደፈርስም፤ ስለዚህ ምንም አይጠራም።

አሁን ወደ ኢዮስያስ ልግባ። ኢዮስያስ ከእኔ ፊት ለፊት ከልጁ ከኤልዳና ጋር ይኖራል። ከባድ መኪናዎች ራሳቸውን መንዳት ሳይጀምሩ በፊት በጅቡቲ መንገድ ላይ ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ነው። ወሬው ሁሉ መንገድ ነው። አዋሽ ላይ እንዲህ ሆነ፣ ሚሌ ላይ እንዲያ ሆነ። ከወሬው ሁሉ የሚደጋግማት አንዲት ነገር አለች፤ በመንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ ሾፌር ለሾፌር መብራት ብልጭ ያደርጋል፣ ሰላምታ ነው። ጧት ኬላ ላይ አንገት ለአንገት የተያያዙ ሰዎች እንኳ ማታ መንገድ ላይ ሲገናኙ ብልጭ ያደርጋሉ። መብራት የሰጠውን ሳይመልስ የሚያልፍ ሾፌር አይደለም ይላል።

ሥራው ሲቀር መኪናውን ይዞ መጥቶ ግቢያችን ጥግ ላይ አቆመው። ጎማው ተነፈሰ፣ ድመት ወለደችበት፣ እሱ ግን ጧት ጧት ጋቢናው ውስጥ ወጥቶ ትንሽ ይቀመጣል። ጋቢናው በዘመኑ እንደነበረው በጥብጣብ መብራት ያጌጠ ነበር፤ ሐምራዊ። በትንሽ ሪሞት ያበራውና የግቢው ልጆች ሊያዩት ይሰበሰባሉ።

ባለፈው ክረምት ለጉልበቱ ሆስፒታል ተኛ። በዚያ መካከል የሕንፃው ሰዎች ያ ጥግ ለልጆች መጫወቻ ይሁን አሉና ኤልዳናን ጠየቋት። እሷም እሺ አለች። መኪናውን ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ጎትተው ወሰዱት። ባየው ያዝናል፣ ሳያየው ቢሄድ ይሻለዋል ብላ ነበር። ደግ ልብ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

ኢዮስያስ በከዘራ እየተመረኮዘ ተመለሰ። ባዶውን ጥግ አየ። ቆመ። ከዚያ ወደ ቤቱ ወጣ፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ «ማንን ጠይቀሽ ነው?» ሲል ሰማሁት። መስኮታቸው ወዲያው ኮክ መሰለ። ሁለተኛ ቃል ጠበቅሁ፣ አልመጣም። አባትና ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም።

ኩርፊያ ከመልእክተኛ አያመልጥምና መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ። ኢዮስያስ በረንዳው ላይ ይወጣና ልጁ ከኋላው ቆማ እያለች «ቤዛ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብለሽ ንገሪልኝ» ይለኛል። እኔም ግቢውን አሻግሬ «ኤልዳና፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ተብሏል» እላለሁ። እሷ «እሺ በሉልኝ እትዬ ቤዛ» ትላለች። መጀመሪያ እስቅ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ሳቁ ጠፋኝ።

አንድ ቀን እንደተለመደው ጠራኝና ቅዳሜ በጧቱ ባቡር ድሬዳዋ፣ የወንድሙ ልጅ ዘንድ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለስንት ጊዜ አልኩት። «ለኑሮ» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ቤት ውስጥ ያለችው እንድትሰማ። ግን በጣም ከፍ አላደረገውም፤ ብርሃኑ እንዳይሰማው።

ኤልዳና ዕለቱን እኔ ጋ መጣች። ሥራዋ ወንጂ አካባቢ ላሉት የአትክልት እርሻዎች ውሃ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን መጠገን ነው፤ ጣቷ ቀልጣፋ፣ አፏ ቁጥብ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የእኔ ጥብጣብ ወዲያው ቀለሙን መለወጥ ሲጀምር እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«አዩ እትዬ ቤዛ?» አለችኝ። «ይቅርታ ማለት አቅቶኝ አይደለም። ልናገር አፌን ስከፍት ብርሃኑ ይለወጣል፤ ከዚያ ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል። እሱም እንደዚሁ ነው። ሁለታችንም ተረጋግተን እንተኛለን። ተረጋግቶ ሊሄድብኝ ነው።»

የማወራው ባጣ ጊዜ የድሮ ነገር አወራለሁ፤ የእናቴን ቤት አወራኋት። ያኔ ሲመሽ ቤቱ እውነትም ይጨልም ነበር። አንዱ ይነሣና መብራት ያበራል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ የዋለ ቢሆንም፣ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል። እንደ አዲስ እንደተገናኘ ሰው። እናቴና አክስቴ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ሲኖሩ ያቺን ቃል ግን አልተዉም፤ መብራት በርቶ እንደምን አመሻችሁ አለማለት ጠብ ሳይሆን ብልግና ነበር። በኋላ ያቺ ቃል ሌላ ቃል ጠራች፣ እሱም ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ታረቁ። ደግሞም ያኔ መብራት እንደ ሰው ይሄድና ይመጣ ነበር አልኳት። ጸጉር እያደረቅን ድንገት «ሄደ!» ይባላል፤ ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮሃል። አሁን አይሄድም፣ አይመጣም። የማይመጣን ነገር ማን ሰላም ይለዋል?

እኔ ለማጽናናት ያወራሁትን ልጅቷ እንደ ጥገና ሥራ ሰማችው። ዓይኗ ጥብጣቡ ላይ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። በቀደም አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከኮቱ ኪስ የመኪናውን ሪሞት አውጥቶ ሲያሻሽ አይታዋለች፤ ከመኪናው የቀረው ያ ብቻ ነው። ጣቱ ሳያስበው አንዱን ቁልፍ ተጫነ፤ ከራሱ በላይ ያለው ጥብጣብ ለቅጽበት ሐምራዊ ሆኖ ተመለሰ። እሱ አላየም። እሷም ዓይኔ ነው ብላ ትታው ነበር።

ዓይኗ አልነበረም። በእያንዳንዱ ጥብጣብ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች፤ ጥብጣቡ በሪሞት ይታዘዝ በነበረበት ዘመን ኢንፍራሬድ የተባለውን የሪሞት ጨረር የምትቀበል ዓይኑ ናት። ማዕከሉ በሽቦ ማዘዝ ሲጀምር ዓይኗ አያስፈልግም ተባለ እንጂ የዘጋት ሰው የለም። እስከ ዛሬ ክፍት ሆና ትጠብቃለች። ችግሩ፣ አለች ኤልዳና፣ ሪሞት አንዴ ይናገራል፣ ማዕከሉ ወዲያው ያርመዋል። ሳይሰለች ደጋግሞ የሚናገር ነገር ያስፈልጋል።

በማግስቱ ከሥራ ቦታዋ የተጣለ ቦርድ ይዛ መጣች። መታወቂያ የሚያህል ሰሌዳ ነው፤ ግን ለብቻው ሙሉ ኮምፒውተር ነው አለችኝ። ከጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ የምትመስል አምፖል በየደች። አባቷ ሊታጠብ ሲገባ ሪሞቱን ከኮቱ ኪስ አውጥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለቦርዱ አሳየችው፤ ቦርዱም ሁሉንም አጠና። ሪሞቱን ወደ ኪሱ መለሰች። እንደሚሠራ ልታሳየኝ አምፖሏን ወደ እኔ አዙራ አበራቻት፤ እኔ ምንም አላየሁም። «ኢንፍራሬድ በዓይን አይታይም» አለችና አሮጌ ስልኬን ተቀብላ በካሜራው አሳየችኝ። ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ብልጭ ስትል አየሁ። እዚያ የነበረን ብርሃን ሳላይ መቆየቴ ገረመኝ፤ ደስም አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ ማታ ሞከረችው። ቦርዱን ቁም ሣጥን አናት ላይ ደብቃ ሲመሽ ቤቱን አጨልሞ ትንሽ ቆይቶ በሙሉ ነጭ ብርሃን እንዲያበራ አዘዘችው። ከዚያ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠበቀች። እኔም ከበረንዳዬ ጠበቅሁ። መስኮታቸው ጨለመ። ኢዮስያስ ቀና ሲል ጥላውን አየሁ። ከዚያ ብርሃኑ ፏ አለ።

ኢዮስያስ ጣሪያውን አየ። ልጁን አየ። አፉን የሚከፍት መስሎ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ሰብሮ ከዘራውን አነሣና ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤልዳና በሬ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ፊቷ አብጧል። አባቷ የድሮውን ሰላምታ ረስቷል፤ ወይም አልረሳም፣ ጨክኗል። ሻንጣውን ዘግቷል። ደግማ ላለመሞከር ቆርጣ እንደነበር ከፊቷ አየሁ።

«ትናንት መብራቱን ማን አበራው?» አልኳት።

«ቦርዱ።»

«ቦርዱ እንደምን አመሸህ አለው?»

ዓይኗን ወደ ደረጃው መለሰች።

«ልጄ፣ መብራቱን ያበራው ሰው ነው መጀመሪያ እንደምን አመሻችሁ የሚል። ሌላው የሚመልሰው ያበራውን አይቶ ነው። አንቺ ማሽኑን አብራ ብለሽ ተደብቀሽ ተቀመጥሽ። አባትሽ ማንን ሰላም ይበል? ጣሪያውን?»

ከዚህ በላይ አልጨመርኩም። እሷም አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ደረጃውን ወረደች። የተቀየመችኝ መሰለኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ማሽን መሥራት ከመቆምና ከመናገር ይቀላል፣ ያንን መስማት ደግሞ ማንንም አያስደስትም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱ አያስቆም አያስቀምጥም ነበር። ሲመሽ ነፋሱ ተነሣና ሁሉም የበረንዳ በሩን ከፈተ። እነ ኤልዳናም ከፈቱ። የሆነው ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው። ሕንፃው ሲሠራ ጥብጣቡ ለሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጭነት ነው የተገዛው፤ አንዱ የሚሰማውን ትእዛዝ ሁሉም ይሰማል። ኤልዳና ይህን አላሰበችም። ቦርዱን በእጇ ይዛ፣ ከአባቷ ፊት ለፊት፣ ክፍቱን በር ከኋላው አድርጋ ቆመች። ቦርዱ ላይ የጨመረችውን ቁልፍ ተጫነች።

የእኔ ቤት ጨለመ።

የጎረቤቴ ቤት ጨለመ፣ ከእሱ በላይ ያለውም፣ ከታች ያሉትም። ከእነ ኤልዳና ፊት ለፊት ያለው የሕንፃው ግማሽ በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም ልል ነበር፤ ግን አውቀዋለሁ፤ ልጅነቴ ነው። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ የሐጂ አብዱልመሊክ የሻከረ ድምፅ መጣ፤

«መብራት ሄደ!»

ያቺን ቃል ከስንት ዘመን በኋላ ሰማኋት። አንድ ሌላ ሽማግሌ ሳቀ። ልጆች እየተጨነቁ ወደ በረንዳ ወጡ፤ ሰማዩን አንጋጠው ኮከብ ሲያዩ መጨነቃቸውን ተዉት።

ኤልዳና በኋላ እንደነገረችኝ የውጭውን ድምፅ ሰምታለች፤ ስሕተቷ ገብቷታል። ቦርዱን ጥላ መሮጥ አማራት። አልሮጠችም። እንደገና ተጫነች።

መብራት መጣ። በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ፣ ወገግ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ «መጣ!» አልን። ከዚያ ማንም ሳያዝዘን፣ እጅ ግድግዳ እንደሚዳብስ፣ አፋችን በራሱ ተከፈተ። በረንዳ ለበረንዳ እንደምን አመሻችሁ ተባባልን። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል አለ፣ «አልሐምዱ ሊላህ» የሚል አለ። ልጆቹ ምን እንደምንል ሳያውቁ እየሳቁ ደገሙት።

እኔ ግን ዓይኔ የእነ ኤልዳና ቤት ላይ ነበር። ልጅቷ ቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ ከአባቷ ፊት ቆማለች። ኢዮስያስ ተቀምጧል። ዙሪያውን የሰላምታ ድምፅ ይሰማል። እሷ ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ግቢው ግን ያን ያህል ጠባብ ነው፣ ሰማኋት።

«እንደምን አመሸህ፣ አባዬ።»

መብራት የሰጠውን ሳይመልስ የሚያልፍ ሾፌር አይደለም። ኢዮስያስ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ፤ አባቶቻችን ሰላምታ ተቀምጠው አይመልሱም ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «እንደምን አመሸሽ።»

አፍ አንዴ ከተከፈተ ለመዝጋት ያስቸግራል። የሚቀጥለው ቃሉ፣ በክረምት ጀምሯት ሆዱ ውስጥ የቀረችው ያቺው ነበረች፤ «ማንን ጠይቀሽ ነው?» አላት። ጥብጣቡ ኮክ ሊሆን ሞከረ። ቦርዱ መለሰው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሰው። ነጩ ብርሃን አልተነቃነቀም። ኢዮስያስ ጮኸ። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው መኪና፣ ልጁን ያሳደገበት፣ እናቷን ልትወልዳት ስትል ሆስፒታል ያደረሰበት፣ እንደ ቆሻሻ ተጎትቶ መሄዱን ጮኾ ተናገረ። ኤልዳናም ጮኸች። ሁሉም በእሷ ላይ ተነሥቶባት እንደነበር፣ ብቻዋን እንደነበረች፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ትሞትብኝ ይሆን ብላ ስትፈራ እንደነበር። የሕንፃው ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ይሰማል። የሚያፍር የለም፤ ይህን ያህል ጊዜ ጠብ ያልሰማ ሰው እንደ ዝናብ ነው የሚያዳምጠው።

ከዚያ ጩኸቱ በራሱ ጊዜ አለቀ። ማንም አላለሰለሰውም፤ ደከመና አለቀ።

«ሳልጠይቅህ መስጠቴ ልክ አልነበረም» አለች ኤልዳና። «ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ።»

ኢዮስያስ ተመልሶ ተቀመጠ። «መዛጉንማ ዝጎ ነበር» አለ። «እኔ ነበርኩ ልሸኘው የሚገባኝ። ይኸው ነው።»

ከዚህ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ወደ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ። የእኔ ጥብጣብ ሊያጽናናኝ ኮክ መሆን ፈለገ፤ የልጅቷ ቦርድ ከማዶ ሆኖ አልፈቀደለትም። እስክጠግብ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጧት ከማዕከሉ መልእክት ደረሰን። በሕንፃችን የታየው መጠነኛ ብልሽት ራሱን እንዳስተካከለ ይገልጻል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ይጠይቃል። ልጆቹ መልእክቱን ሰምተው «ደግሞ መቼ ነው የሚበላሸው?» እያሉ ወላጆቻቸውን አስቸገሩ።

የእነ ኢዮስያስ መጋረጃ ተዘግቷል። የባቡሩ ሰዓት አለፈ። ገበያ ደርሼ ስመለስም መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ኤልዳናን ልጠራት ፈለግሁና ተውኩት። ታርቆም የሚሄድ ሰው አለ፤ ሻንጣው ተዘግቷል፣ የወንድሙ ልጅ ይጠብቃል፣ የሾፌር እግር ደግሞ መንገድ ይወድዳል። ታርቀዋል፣ ይበቃል አልኩ ለራሴ። አልበቃኝም። ቀኑ ረዘመብኝ።

አመሻሹ ላይ ከበረንዳ ወደ ቤት ስገባ እጄ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ግድግዳው ላይ ሄደ። በዚያው ቅጽበት ቤቱ ጨለመ። ማንም ሄደ አላለም፤ ሁሉም እየጠበቀ ነበር። እኔም እጄን ከእድፉ ላይ ሳላነሣ ቆምኩ።

መብራት መጣ። ነጭ አልነበረም። የእኔ ጣሪያ፣ የጎረቤቶቼ ጣሪያ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁሉም እንደ አሮጌ መኪና ጋቢና ሐምራዊ ሆነ። ከማዶ፣ ከተከፈተው መጋረጃ በስተጀርባ፣ ከሞተር ድምፅ በላይ ሲጮህ የኖረ የወንድ ድምፅ መጣ፤

«እንደምን አመሻችሁ!»